ኢሜይልዎ በእርግጥ የእርስዎ ነው? ከአከፋፈቱ እስከ ማስመለሱ፣ ደረጃ በደረጃ

አምና በክረምት አንድ ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ አንዲት ወጣት እያለከለከች ገባች። ሥራ ካመለከተችበት መሥሪያ ቤት ተደውሎላት የጽሑፍ ፈተናው ቦታና ሰዓት በኢሜይል እንደተላከላት ተነግሯታል፤ ፈተናው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ኮምፒውተሩን ለቀቅሁላት። አድራሻዋን ጻፈች፤ የይለፍ ቃሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «እኔ አላውቀውም» አለችኝ፤ «ስልኩን ስገዛ የከፈተልኝ ልጅ ነው የሚያውቀው።» ልጁ ይሠራበት የነበረው ስልክ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። እርሷም ስልኳን ቀይራለች። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ስንጫን፣ የመጨረሻ ሁለት አኃዞቹ ብቻ ወደሚታዩ ስልክ ኮድ እንላክ ወይ ብሎ ጠየቀን። አኃዞቹ የእርሷ አይደሉም፤ የልጁ ናቸው። ወደ ደወለላት ቁጥር መልሰን ብንደውል የሚያነሣ ጠፋ። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ታገልን። ፈተናው አለፋት።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር በየሳምንቱ ስለምመለከት ነው። ብዙ ሰው ኢሜይል የሚከፍተው፣ ወይም የሚከፈትለት፣ አዲሱ ስልኩ መተግበሪያ እንዲያወርድ ብቻ ነው። ከዚያ ይረሳዋል። ያው የተረሳ አድራሻ ግን ውሎ አድሮ ሲቪ ላይ ይጻፋል፤ የባንክ ቅጽ ላይ ይሞላል፤ ለፌስቡክና ለዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ይሰጣል። የኢሜይል ባለቤት ደግሞ አድራሻው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው አይደለም፤ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ ማስመለሻ ኮዱ የሚደርሰው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ምሳሌዎቼ ከጂሜይል ናቸው፤ ደንበኞቼ በብዛት የሚጠቀሙት እርሱን ስለሆነ። በያሁም ሆነ በአውትሉክ የአዝራሮቹ ቦታ ቢለያይም አሠራሩ ይቀራረባል።

ደረጃ 1፦ ማስመለሻው በማን እጅ እንዳለ ይመልከቱ

አሁኑኑ ስልክዎን ያውጡ። ጂሜይልን ይክፈቱ፤ ከላይ በቀኝ ጥግ ያለችውን ክብ ምስል ይንኩ፤ የጉግል መለያዎን (አካውንትዎን) ወደሚያስተዳድሩበት ገጽ ይግቡ። የግል መረጃና የደኅንነት ክፍሎችን ያገኛሉ። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፦ የማስመለሻ ስልክ፣ የማስመለሻ ኢሜይልና የትውልድ ቀን።

የማስመለሻ ስልኩ ዛሬ በእጅዎ ያለ ሲም ካርድ መሆን አለበት። የስልክ ቤቱ ልጅ፣ የቀድሞ አለቃዎ ወይም የተለያዩት የትዳር ጓደኛ ቁጥር ከሆነ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። የራስዎ የነበረ ነገር ግን የተጣለ ሲም ከሆነም ዝም ብለው አይለፉት፤ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል ኮዱ ከማያውቁት ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። የማስመለሻ ኢሜይሉ ሌላ የራስዎ አድራሻ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሌለዎት እንደ ራስዎ የሚያምኑት ወንድም ወይም እህት አድራሻ ያገለግላል።

የትውልድ ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንዱ ቶሎ ለማለፍ ያገኘውን ቁጥር ይነካል። አንዳንዱ ደግሞ የተወለደበትን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ይሞላዋል፤ መለያው ዓመቱን እንደ አውሮፓውያን ስለሚቆጥረው ሰውየው በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። በኋላ የትውልድ ቀኑን ቢጠየቅ የትኛውን እንደሞላ አያስታውስም። በፓስፖርትዎ ወይም በመታወቂያዎ ላይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጻፈውን ያስገቡ።

መለያውን ሌላ ሰው የከፈተልዎ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የማስመለሻ ስልኩን ይቀይሩ፣ ቀጥለው የይለፍ ቃሉን፣ በመጨረሻም በደኅንነት ክፍሉ ውስጥ «መሣሪያዎችዎ» የሚለውን ከፍተው የማያውቁትን ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ያስወጡ። ሸጠው የተገላገሉት አሮጌ ስልክ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ቢያገኙት አይገረሙ።

ኢሜይሉን ከከፈቱት በኋላ ፈጽሞ ሳይነኩት አይቆዩ። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተሠራበትን የግል መለያ ከነይዘቱ ሊሰርዘው እንደሚችል በደንቡ አስቀምጧል።

ደረጃ 2፦ አዲስ የሚከፍቱ ከሆነ

ራስዎ ይክፈቱት። ሌላ ሰው ቢያግዝዎም ቁልፉን የሚነካው የእርስዎ ጣት ይሁን።

ለአድራሻው ስምዎንና የአባትዎን ስም ይጠቀሙ፤ የእንግሊዝኛ አጻጻፉም በዲግሪዎ ወይም በፓስፖርትዎ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ያውቁታል፤ አንዲት ፊደል ከተዛባች ደብዳቤው ሌላ ሰው ጋ ይደርሳል። የቁልምጫ ስምና የእግር ኳስ ቡድን ስም ለጓደኛ እንጂ ለቀጣሪ አይሆንም። ቁጥር መጨመር ግድ ከሆነ ዜሮን ይተዉ፤ በስልክ ሲነበብ ከ«ኦ» ፊደል ጋር ይምታታል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ የአባትዎን ስም ይሙሉ፤ ሁልጊዜም በዚያው ይጽኑ።

ቢቻል ሁለት አድራሻ ይኑርዎት። አንዱ ለባንክ፣ ለሥራና ለመንግሥት ጉዳይ፤ ሌላው ለጨዋታ፣ ለገበያና ለማንኛውም ምዝገባ።

ደረጃ 3፦ የይለፍ ቃል

ርዝመት ከውስብስብነት ይበልጣል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት ይምረጡና በእንግሊዝኛ ፊደል አያይዘው ይጻፏቸው፤ ለምሳሌ ቆጮ፣ ጃንጥላ፣ ማክሰኞ፣ ጀልባ። ይህንኑ ግን አይውሰዱ፤ እዚህ ስለተጻፈ ምስጢር መሆኑ ቀርቷል። የስልክ ቁጥርዎ፣ የልጅዎ ስምና የተወለዱበት ዓመት ጎረቤትዎ ሊገምታቸው የሚችል ነገሮች ናቸው።

የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ሌላ የትም ቦታ አይድገሙት። ሌቦች የአንድን ተራ ድረ ገጽ መዝገብ ሲሰርቁ፣ ያገኙትን አድራሻና የይለፍ ቃል ወስደው መጀመሪያ የሚሞክሩት ኢሜይሉ ላይ ነው። ማስታወስ ካቃተዎ ቤት ውስጥ በሚቀመጥ ደብተር ላይ ይጻፉት። ይህን ስል የሚደነግጡ አሉ፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር ሆኖ የሚሞክር ሌባ የመኝታ ቤትዎን ሣጥን መክፈት አይችልም። በየወሩ መቀየርም አያስፈልግም፤ የሚቀየረው ሰው እንዳወቀው ሲጠረጥሩ ነው።

ደረጃ 4፦ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ

የይለፍ ቃሉ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ደጃፍ ላይ የሚቀረው በዚህ ነው። ከደኅንነት ክፍሉ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። ሁለተኛው ደረጃ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድ ሊሆን ይችላል፤ ግን ኔትወርክ በሚጠፋበት ሰዓት ኮዱ ይዘገያል። እኔ የምመርጠው የማረጋገጫ መተግበሪያ ነው፤ ጉግል ኦቴንቲኬተር አንዱ ነው። በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ያወጣል፤ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ኢንተርኔትም ሆነ ኔትወርክ ሳይኖር ይሠራል።

ከዚያው ገጽ ሳይወጡ የመጠባበቂያ ኮዶቹን ያውጡ። አሥር ናቸው፤ እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ አለው፤ አንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያትሟቸው ወይም በእጅዎ ይገልብጧቸው። ፎቶ አንሥተው ስልክዎ ውስጥ አያስቀምጧቸው፤ የሚፈልጓቸው ስልኩ በጠፋ ቀን ነውና።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ለእረፍት መጥቶ ሳለ ይህን ሁሉ አስተካክሎላቸው ሄደ። አንድ እሑድ አሞራ ገደል ከጀልባ ሲወርዱ ስልካቸው ከደረት ኪሳቸው ተንሸራቶ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሰኞ ጠዋት የፕላስቲክ ክላሴር ይዘው መጡ፤ ውስጡ የዲግሪያቸው ኮፒ፣ የቤት ካርታቸውና አራት ላይ የታጠፈች አንዲት ወረቀት አለች። የይለፍ ቃላቸውን ጻፉ፤ ኮድ ሲጠየቁ ከወረቀቷ የመጀመሪያውን መስመር ቀስ ብለው አነበቡልኝ። ገባ። ከዚያ ቀይ ብዕር አወጡና የተጠቀምንበትን ኮድ እንደ ፈተና ወረቀት በአንድ መስመር ሰረዙት። «ዘጠኝ ቀሩኝ ልጄ» ብለው ክላሴሩን ዘጉ። ከገቡ በኋላ አዲሱን ስልክ ለማያያዝ ሩብ ሰዓት እንኳ አልወሰደብንም።

ደረጃ 5፦ የሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ

ኢንተርኔት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የእኔም ቤት ጭምር ይህን ያድርጉ። ብራውዘሩን የግል ወይም የእንግዳ መስኮት በሚለው ይክፈቱ። የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ወይ ሲልዎ እምቢ ይበሉ። ሲጨርሱ መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ከመለያው ይውጡ፤ ያወረዱትንም ሰነድ ሰርዘው ቆሻሻ መጣያውን ባዶ ያድርጉ። መብራት ድንገት ከጠፋና ሳይወጡ ከቀሩ መብራቱ እስኪመጣ ቆመው አይጠብቁ፤ በስልክዎ ደረጃ 1 ላይ ወዳየነው የመሣሪያዎች ዝርዝር ገብተው ያንን ኮምፒውተር ከሩቅ ያስወጡት።

ደረጃ 6፦ የሚነበብ ደብዳቤ መጻፍ

ኢሜይል መጻፍ የሚከብዳቸው ሰዎች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አሳምረው ይጽፋሉ። ነገሩ ያው ነው። «ጉዳዩ፦» የምንለው መስመር በኢሜይሉ ላይ ከአድራሻው ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ነው። «ግልባጭ» የምንለው ሲሲ የሚባለው ነው። ገቢና ወጪ መዝገብም አለው።

የጉዳዩን መስመር ባዶ አይተዉት፤ «ሰላም» ብለውም አይሙሉት። ሁለት መቶ ማመልከቻ የተደረደረበት የሰው ኃይል ባለሙያ የሚከፍተውን የሚመርጠው በዚያች መስመር ነው። ለደንበኞቼ እንደ ናሙና የምሰጠው ይህ ነው፦

ጉዳዩ፦ ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ የቀረበ ማመልከቻ

ጤና ይስጥልኝ፣
ሰኞ ዕለት ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ማመልከቴን በአክብሮት እገልጻለሁ። የትምህርት ማስረጃዬን፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤዬንና ሲቪዬን በአንድ ፒዲኤፍ አያይዤ ልኬያለሁ፤ ጠቅላላ ስድስት ገጽ ነው። ለማንኛውም ጥያቄ ከታች በተጻፈው ስልክ ልታገኙኝ ትችላላችሁ።
ከሰላምታ ጋር

ከዚህ በታች ሙሉ ስምና ስልክ። በቃ። የገጹን ብዛት መጥቀስ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ተቀባዩ ግን አንድ ገጽ ሳይከፈትለት ቢቀር ወዲያው ያውቃል።

ሲጽፉ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ፦ መጀመሪያ ሰነዱን ያያይዙ፣ ከዚያ ጽሑፉን ይጻፉ፣ ከዚያ ጉዳዩን፣ የተቀባዩን አድራሻ በመጨረሻ። አድራሻው ባዶ እስከሆነ ድረስ ያላለቀ ደብዳቤ በስሕተት አይሄድም፤ «አያይዣለሁ» ብሎ ሳያያይዙ መላክም ይቀራል። በጂሜይል ቅንብር ውስጥ ደግሞ የተላከን ደብዳቤ መልሶ የመያዣ ጊዜ አለ፤ ወደ 30 ሴኮንድ ከፍ ያድርጉት።

ሰነዱ ተጋድሞ በስልክ የተነሣ ፎቶ አይሁን። በስልክ ስካን ማድረጊያ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት፤ የፋይሉን ስም በራስዎ ስም ይሰይሙ። ስሙ «ሲቪ» ብቻ የሆነ ፋይል ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ከሌሎች ሃምሳ «ሲቪ»ዎች ጋር ይቀላቀላል። ጂሜይል አያይዞ የሚልከው እስከ 25 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ ካለፈ የጉግል የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ በሆነው በጉግል ድራይቭ በኩል ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) አድርጎ ይልከዋል። ማስፈንጠሪያ ሲልኩ ተቀባዩ እንዲከፍተው መፍቀድዎን አይርሱ።

በአማርኛ ለሚጽፉ አንድ ልዩ ነገር አለ። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በጋራ በሚለዩበት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የተካተተው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) የተተየበ አሮጌ ሰነድ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ ያ ቅርጽ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ስለዚህ አሮጌ የአማርኛ ሰነድ ሲልኩ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው ይላኩት፤ ተቀባዩ ሊያርመው የሚገባ ከሆነ ግን በዩኒኮድ እንደገና ያስተይቡት።

ከውጭ ሰው ጋር ከተጻጻፉ የሰዓትና የቀን ነገር አለ። «ማክሰኞ በ3 ሰዓት» ብለው ለውጭ እንግዳ የጻፉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አውቃለሁ፤ እርሳቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪና ይዘው ጠበቁ፣ እንግዳው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወረደ። ለውጭ ሰው በእርሱ አቆጣጠር 9፡00 ጠዋት ብለው ይጻፉ፤ የኢትዮጵያ ሰዓት መሆኑንም ይጨምሩ። ቀኑን ወሩን በስም ጠርተው ይጻፉ እንጂ በሦስት ቁጥር ብቻ አያስቀምጡት።

ለብዙ ሰው ሲልኩ፣ ለምሳሌ የዕድር ወይም የክፍል ተወካይ ከሆኑ፣ አድራሻዎቹን ቢሲሲ በሚለው በስውር ግልባጩ መስመር ያስገቡ። አለበለዚያ የስልሳ ሰው አድራሻ ለስልሳ ሰው ይታያል። «ለሁሉም መልስ» የሚለውን አዝራር ከመንካትዎ በፊት ደግሞ ሁሉም ሊሰማው የሚገባ መሆኑን ያስቡ።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ቤትዎን ማስተካከል

በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ጥሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ገቢ ደብዳቤን ጠረጴዛ ላይ አያሳድርም፤ ወይ ወደሚመለከተው ይመራዋል፣ ወይ ፋይል ያደርገዋል። እርስዎም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ገቢ ሳጥንዎን ከፍተው እንዲሁ ያድርጉ። ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ይመልሱ፤ የሚጠብቅ ከሆነ ኮከብ ያድርጉበት፤ ያለቀለት ከሆነ ወደ መዝገብ ያስገቡት፤ የማይረባ ከሆነ ይሰርዙት። የተሰረዘ ደብዳቤ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ስለሚቆይ በችኮላ የሰረዙትን መልሰው ማግኘት ይችላሉ። አራት ወይም አምስት መለያ ስያሜ ይበቃል፦ ባንክ፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ። ሃያ ስያሜ የፈጠረ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቸዋል።

የማስታወቂያ ደብዳቤ ከታወቀ ድርጅት የመጣ ከሆነ «ከዝርዝር ውጣ» የሚለውን ይንኩ። ከማይታወቅ ላኪ ከሆነ ግን እርሱን መንካት አድራሻው ሰው እንዳለበት ለላኪው መንገር ነው፤ አይፈለጌ መልእክት ብለው ምልክት ብቻ ያድርጉበት። የአይፈለጌ መልእክት ሳጥኑንም በሳምንት አንድ ጊዜ ይዩት፤ የፈተና ጥሪ እዚያ ወድቆ አግኝቼ አውቃለሁ፤ 30 ቀን ካለፈ ደግሞ ራሱ ይጠፋል።

ስለ ቦታ አበክሬ የምለው አለኝ። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ቦታው ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለጉግል ፎቶ የጋራ ነው። ስልክዎ የሠርጉን ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ወደዚያ ሲጭን ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ኢሜይል መላክም መቀበልም ያቆማል። ቀጣሪው የላከው ደብዳቤ ወደ ቀጣሪው ይመለሳል፤ እርስዎ ምንም አይሰሙም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የቀረዎትን ቦታ ይመልከቱ። በኮምፒውተር ከፍለጋው ሳጥን ጎን ያለችውን ምልክት ሲነኩ በመጠን መፈለጊያ ይከፈታል፤ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ብቻ ያውጡና የማያስፈልጉትን ይሰርዙ፤ መጣያውንም ባዶ ያድርጉ። የፎቶውን ጭነት ከስልኩ ላይ ማጥፋት ወይም መቀነስም ይቻላል።

የዳታ ጥቅል ቶሎ የሚያልቅብዎ ከሆነ በቅንብሩ ውስጥ ምስሎችን ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅዎ ያድርጉ። ይህ ዳታ ከመቆጠቡም ሌላ ደብዳቤውን መቼ እንደከፈቱ በተደበቀ ምስል የሚሰልሉ ላኪዎችን ያግዳል።

ደረጃ 8፦ አጭበርባሪውን ከደብዳቤው መለየት

ስልክ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው የላኪው ስም ነው፤ ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል። ስሙን ይንኩና ሙሉ አድራሻውን ያውጡ። ከአት ምልክት በኋላ ያለው የድርጅቱ መጠሪያ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ በጥንቃቄ ያንብቡት። ትንሿ «ኤል» በ1 ቁጥር ትተካለች፤ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ «ኤም» ይመስላሉ። ብዙ የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ተራ ጂሜይል ስለሚጠቀሙ አድራሻው ብቻ ሁልጊዜ አያስጥልም፤ ጥያቄው ምን እንደሆነም ማየት ግድ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ከውጭ የመኪና መለዋወጫ ያስመጣሉ። ከአቅራቢያቸው ጋር ሲጻጻፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። አንድ ቀን «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ ቀጣዩን ክፍያ በዚህ ላኩ» የሚል ደብዳቤ እንዳትምላቸው ጠየቁኝ። የድሮው ደብዳቤ ቅርጽ ነው፤ አርማው ያው ነው፤ የተዋዋሉበት የዕቃ ዝርዝር እንኳ ከታች አለ። ያለፈውን ወር ደብዳቤ አጠገቡ ከፈትን። አድራሻዎቹን ፊደል በፊደል ስናስተያይ በአዲሱ ላይ አንዲት «ኤስ» ተደጋግማ አገኘን። እርሳቸው ለዓመታት በያዙት ቁጥር ደወሉ፤ አቅራቢው ምንም ሒሳብ አልቀየረም። ሌባው ከሁለቱ የአንዱን ኢሜይል ሲያነብ ከርሟል ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር የዓለም ነጋዴ ሁሉ ጣጣ ነው፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ በዚህ መንገድ መድረሱን የሚገልጹ አቤቱታዎች እንደቀረቡለት አስታውቋል። የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ሲመጣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ድምፅ ሰምተው ያረጋግጡ። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ አይደውሉ፤ የሚያነሣው ሌባው ነው።

በእኛ ከተማ በብዛት የማያቸው ሌሎቹ እነዚህ ናቸው። «የዲቪ ዕጣ ደርሶዎታል፤ የሚከፈል አለ» የሚለው፦ የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ዕጣ ለደረሰው ሰው በኢሜይል አያበሥርም፤ ውጤቱ የሚታየው አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ነው። «ለሥራው ተመርጠዋል፤ የምዝገባ ብር በቴሌብር ይላኩ» የሚለው፦ ደመወዝ ሊከፍልዎ የሚፈልግ ቀጣሪ አስቀድሞ ከእርስዎ ብር አይሰበስብም። «መለያዎ በ24 ሰዓት ይዘጋል፤ እዚህ ይግቡ» የሚለው፦ ማስፈንጠሪያውን አይንኩ፤ ራስዎ መተግበሪያውን ከፍተው ይዩ። እውነት ከሆነ እዚያም ይነግርዎታል። የማረጋገጫ ኮድዎን በኢሜይልም በስልክም ለማንም አይንገሩ፤ ከባንክ ወይም ከጉግል ነኝ ቢልዎትም።

ደረጃ 9፦ አንዴ ከተሰረቀ

ምልክቶቹ ያልላኩት ደብዳቤ «ከተላኩ» ውስጥ መገኘቱ፣ ጓደኛ «ብር ጠይቀኸኝ ነበር?» ብሎ መደወሉ፣ የይለፍ ቃሉ በድንገት አልሠራ ማለቱ ናቸው። ሰዓት አያባክኑ።

አሁንም መግባት ከቻሉ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ሌሎች መሣሪያዎችን ሁሉ ያስወጡ፤ የማስመለሻ ስልኩንና ኢሜይሉን ይፈትሹ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሚቀጥለውን ነው፦ በኮምፒውተር ወደ ቅንብሩ ይግቡና ደብዳቤ ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ወይም እርስዎ ያላወጡት ማጣሪያ (ደብዳቤን በራሱ እየለየ የሚመራ ትእዛዝ) መኖሩን ይዩ። ሌባው ከተባረረ በኋላም የእያንዳንዱ ደብዳቤ ቅጂ እንዲደርሰው ይህን አስቀምጦ ይሄዳል። በኮምፒውተር በገጹ ግርጌ በቀኝ በኩል ያለው የመጨረሻ እንቅስቃሴ ዝርዝርም ከየት እንደተገባ ያሳያል።

መግባት ካልቻሉ ወደ ጉግል መለያ ማስመለሻ ገጽ ይሂዱ። ይህን ዘወትር በሚጠቀሙበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ዘወትር በሚጠቀሙበት ቦታ ሆነው ያድርጉት፤ ሥርዓቱ የለመደውን መሣሪያና ቦታ ያምናል። ወደ እኔ ቤት ከመሮጥ ቤትዎ ተቀምጦ መሞከር ይሻላል። ሌባው የማስመለሻ ስልክዎን ቢቀይረውም ለሰባት ቀን ያህል በቀድሞው ቁጥር ማስመለስ ስለሚፈቀድ የመጀመሪያው ሳምንት ወርቅ ነው።

ከዚያ ወደ ባንክዎ ይደውሉ፤ ለዘመድ ወዳጅ በስልክ ያሳውቁ። የሰው መለያ ያለ ፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ ብር የተወሰደብዎ ከሆነ ደብዳቤዎቹን ሳይሰርዙ አትመው ለፖሊስ ያቅርቡ።

የማይመለስ ከሆነ አዲስ ይከፈታል፤ ከባዱ ሥራ ግን አሮጌው አድራሻ የተሰጠበትን ቦታ ሁሉ ማስታወስ ነው። ፈተናው ያለፋት ወጣት በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች ጻፈች፦ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ያመለከተችባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም። አሥራ አንድ ሆኑ። ዘጠኙን በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀየርን፤ ሁለቱ ግን በአሮጌው ኢሜይል የሚላክ ማረጋገጫ ካልመጣ አንቀይርም ስላሉ መታወቂያዋን ይዛ በአካል መሄድ ነበረባት።